ዝም ያለው ሬዲዮ

በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች መፈተሻ ቤት ውስጥ መልስ የማይጠፋት ሠራተኛ ነበረች። አለቆቿ እንኳ እሷን ከመቆጣታቸው በፊት ደጋግመው ያስቡ ነበር።

አንድ ቀን አቶ ደምመላሽ የሚባሉ ትልቅ አስመጪ ያመጡትን የስልክ ቻርጀር ሊያስፈትሹ መጡ። ቀድመው የገቡት ሠራተኞቻቸው እየተሳሳቁ ነበር፤ እሳቸው በሩ ላይ ብቅ ሲሉ ግን ሁሉም ጭጭ አለ።

ፍተሻው ቻርጀሩ ሌላውን ዕቃ ይረብሽ እንደሆነ ማየት ነው። ሴትዮዋ ዜና ከሚያወራ ሬዲዮ አጠገብ ሰካችው። ሬዲዮው አንዴ ተንጫረረና ድምፁ ጠፋ። ስትነቅለው ዜናው ቀጠለ።

«አላለፈም ጋሼ፤ ሌላውን ይረብሻል» አለቻቸው።

አቶ ደምመላሽ ደማቸው ፈላ። «የተበላሸውስ ያንቺ ሬዲዮ ነው! ይኼ ቻርጀር እኔ ቢሮ በየጠረጴዛው ላይ አለ። እነዚህን ጠይቂያቸው፤ አንድም ሰው ረበሸኝ ብሎኝ አያውቅም። አሁኑኑ ማኅተም ካላደረግሽበት ነገ እዚህ ወንበር ላይ አትገኚም።»

ዞር ብላ ሠራተኞቹን አየቻቸው። ሁሉም አቀርቅረው ጫማቸውን ያያሉ።

«ጋሼ፣ ይኼ ሬዲዮም እኮ ረበሸኝ አላለም» አለች ቀስ ብላ። «የእርስዎ ዕቃ ሲመጣበት ዝም ነው ያለው።»