አብረው የተባሉ ኮከቦች

አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ መዶሻውን እንኳ ከእጁ ሳያስቀምጥ የኮከብ ቆጣሪውን በር እየደበደበ ነው። ስሙ ድንበሩ ነው። ዘርትሁን ለምትባል ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ልኮ፣ አባቷ «ኮከባችሁ ካልገጠመ ልጄን አልሰጥም፤ እስከ እሁድ መልሱን አምጣ» ብለውታል። ዛሬ ዓርብ ነው።

ኮከብ ቆጣሪው አስገቡት። የእሱን ስም ከእናቱ ስም፣ የእሷን ስም ከእናቷ ስም ጋር ፊደል በፊደል ቆጠሩ። ደመሩ፤ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለቱን እየገደፉ ቀሪውን አዩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንተ እሳት ነህ፣ እሷ ውሃ ናት። አይሆንም።»

«የኔታ፣ በክርስትና ስሜ ይሞክሩልኛ!»

ሞከሩለት። ያው እሳት ሆነ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሌላ እናት አለችህ እንዴ? ከሌለችህ ሌላ ልጅ ፈልግ።»

ድንበሩ እየተነጫነጨ ወጣ። እግሩ ታክሲ ተራው ጋ አደረሰው። እዚያ ላስቲክ አንጥፈው አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ጋሽ ጥበቡ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ከሚሸጡት የሚያነቡት ይበልጣል። ድንበሩ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም፤ ወፍራም መጽሐፍ የሚለውን ግን ያምናል።

«ጋሼ፣ የኔታ ‹ከዘርትሁን ጋር ኮከባችሁ አይገጥምም› አሉኝ። ፈረንጆች ስለ ኮከብ ምን ይላሉ? ቶሎ በሉ፣ ትዳሬ ሊበላሽ ነው!»

ሽማግሌው ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አነሱ፤ ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ገለጡ።

«ይኸውልህ። ‹ኮንስቴሌሽን› ይላል። ሰማይ ላይ ተደርድረው ሥዕል የሚመስሉ ኮከቦች ናቸው፤ እኛ ኅብረ ከዋክብት የምንላቸው። ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። ፊተኛው ቁራጭ ‹አብሮ› ማለት ነው፣ ኋለኛው ‹ኮከብ›። አብረው ያሉ ኮከቦች እንደማለት።»

ድንበሩ መዶሻውን መሬት ላይ ጣለው።

«አብረው! በቃ! ይቺን ገጽ ቅደዱልኝና ለአባቷ ልውሰድላቸው።»

«ቆይ እንጂ፣ መቼ ጨረስኩ! ድሮ ይህን ቃል የሚጠቀሙበት እንደ አንተ የኔታ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ሰው ሲወለድ ኮከቦቹ የት የት ቆመው ነበር፣ ዕድሉስ ምን ይሆናል ለማለት።»

«ታዲያ የኔታ ልክ ናቸው ማለት ነው?»

«ልክ ናቸው አላልኩም። ቃሉ ከዚያ ተነስቶ ነው ኋላ ወደ ሥዕሉ የመጣው።»

«እሺ፣ ቃሉን ይተዉት። ኮከቦቹ ግን አብረው ናቸው አይደል?»

«አይደሉማ። አንዱ ቅርብ ነው፤ ሌላው ከዚያ ኋላ እጅግ ሩቅ። ጎን ለጎን የሚመስሉህ አንተ ከታች ሆነህ ስለምታያቸው ነው። አንዱን ከአንዱ የሚያገናኘውን መስመር ያሰመረው ሰው ነው። እነሱ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።»

«ጋሼ! አንዴ አብረው ናቸው፣ አንዴ አይተዋወቁም። መጽሐፉ ሰክሯል?»

«መጽሐፉ የቃሉን ትርጉም ነው የሚነግርህ። ኮከቦቹን እኔም ጠይቄያቸው አላውቅ።»

ድንበሩ መዶሻውን አንስቶ ሄደ። እሳት፣ ውሃ፣ ላቲን፣ እሁድ... ጭንቅላቱ ውስጥ ሁሉም አንድ ላይ ይንጫጫል። ለአባቷ ምን እንደሚል ሳያውቅ ወደ ቤታቸው ሲያመራ፣ መንገድ ላይ ዘርትሁን የምትሰፋበት በረንዳ ደረሰ። የዚህን በረንዳ ጣራ ሲጠግን ነው ሁለት ጊዜ ስትስቅ ያያት። በማግስቱ ሽማግሌ ላከ።

«ዘርትሁን፣ እኔ እሳት ነኝ፣ አንቺ ውሃ ነሽ። በፈረንጅኛ ደግሞ አብረን ነን፣ ግን አንተዋወቅም!»

«ምን ሆንክ? ፀሐይ መታህ?»

ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች።

«ለኮከብ ቆጣሪው ስሜን ነገርክ።»

«አዎ።»

«የእናቴንም ስም።»

«አዎ፣ ካለዚያ አይቆጠርም።»

«ለአባቴ ሽማግሌ ላክህ። ጋሽ ጥበቡም ሰሙ። እኔ እሺ እንደምል ማን ነገረህ?»

ድንበሩ በመዶሻው ወደ ጣራው አመለከተ። «ሁለት ጊዜ ስቀሽልኝ ነበር» አለ።

«መሰላሉ ላይ ሱሪህ ስለተቀደደ ነው የሳቅኩት።»

ይህን ታሪክ ስሰማ እኔም እንደ ድንበሩ ግራ ገባኝ። ቃሉ ‹አብረው› ይላል፣ ኮከቦቹ ለየብቻ ናቸው፤ ቆጣሪው ‹አይሆንም› ይላል፣ ማንን አይቶ እንዳለ አይታወቅም። ብዙ ካወጣሁ ካወረድኩ በኋላ የገባኝ ይህች ብቻ ናት፦ ሁለት ሰዎችን ‹ይገጥማሉ› ብሎ የሚያገናኝም፣ ‹አይገጥሙም› ብሎ የሚለያይም ከታች ቆሞ መስመር የሚያሰምር ሰው ነው። ኮከብ ቢጠየቅ አይመልስም። ሰው ግን አፍ አለው። እናንተስ፣ ሳትጠይቁ ስንቱን አገናኛችሁ? ስንቱንስ ለያያችሁ?

ድንበሩ እሁድ ምን ይዞ እንደሄደ የነገረኝ የለም። የማውቀው፣ በዚያ ዓርብ ዘርትሁን ጨርቁን ከመርፌው ሥር ስባ አውጥታ፣ በርጩማ በእግሯ ወደ እሱ እየገፋች ያለችውን ነው።

«ተቀመጥ። እሺ ልበል እንቢ ልበል ገና አላወቅኩም። መጀመሪያ ግን ጠይቀኝ።»