ባርኔጣ አውልቅ የማይባልበት ደጅ

በእንኮይ አፋፍ ሚካኤል ባርኔጣም ይሁን ኮፍያ አድርጎ የሚገባን ወንድ «አውልቅ» ብሎ የሚቆጣ የለም። በሌላው ደብር ቢሆን ገና ከደጀ ሰላሙ ሳያልፍ አንዱ በመቋሚያ፣ አንዱ በግልምጫ ያስወልቀዋል፤ እዚህ ግን የሚያጉረመርም ቢኖር እንኳ አጠገቡ ያለው ሽማግሌ «ተዉት» ይለዋል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ የአገሩ ሰው ሥርዓት የማያውቅ ይመስለዋል። ሥርዓቱንስ ከጎረቤቶቹ ሁሉ በፊት ነበር ያወቀው፤ ክፉ የሠራውም ያን ጊዜ ነው።

እንደሚነገረው ድሮ በዚህ አገር ባርኔጣ የሚባል ነገር አልነበረም። ወንዱ ብርድ ሲሆን ጋቢውን ይከናነባል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ራሱን ገልጦ ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋል፤ ጥምጣም የካህን ነው። ባርኔጣ ከከተማ በመጣ ጊዜ ግን ከምን እንደሚቆጠር የሚያውቅ ጠፋ፤ እንደ ጥምጣም ይከበር ወይስ እንደ ጫማ ከደጅ ይቅር እየተባለ ብዙ ክርክር ሆነ ይባላል። ከሁሉ አስቀድሞ ባርኔጣ የገዛውና አንድ ቀን እንኳ ከራሱ ያላወረደው ገላነው የሚባል ገበሬ ነው።

ገላነው ልጅ ሳለ ቆረቆር ራሱን በልቶት ጠጕሩ ሳይበቅል ቀርቷል፤ የተጨማደደ ጠባሳ ብቻ ነበር። ግማሹ መንደር የቆረቆር ጠባሳ ስላለበት ከቁም ነገር የሚቆጥረው አልነበረም። እሱ ግን ዓይን አፋር ነበርና ልጅነቱንና ወጣትነቱን በጋቢ፣ ጉልምስናውን በባርኔጣ ሸፍኖት ኖረ። ምክንያቱን ለነፍስ አባቱ ለአባ ወልደ ሐና ብቻ ነገራቸው፤ እሳቸውም «እግዚአብሔር ልብህን ነው የሚያየው፤ አድርገው» ብለው ቤተ ክርስቲያንም ሲመጣ እንዳይገልጠው ፈቀዱለት።

ሚስቱ ሞታበት ያለችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ይመኙሻል ትባላለች። እሷን ባላምባራስ እሸቴ ለልጃቸው ጠየቁ። ባላምባራስ በሙግት ሰበብ ሦስት ዓመት ከተማ ተቀምጠው የመጡ፣ ያዩትንም ሁሉ ለአገሬው ካላስተማሩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ነበሩ አሉ። በዚያን ዘመን ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይጣራል፤ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ሥጋ ደዌ ነው። የገላነው ዘር ሰባት ቤት ተቆጥሮ ንጹሕ ሆነና ሁለቱ አባቶች በኅዳር ሚካኤል ደጁን አብረው ተሳልመው ቃል ሊተሳሰሩ ተቀጣጠሩ።

በቀኑ ሕዝቡ ቅጽሩን ሞልቶታል። ባላምባራስ ከበሩ ሲደርሱ የራሳቸውን ባርኔጣ አውልቀው ለአሽከራቸው ሰጡና ወደ ገላነው ዞሩ።

«ያውልቁ እንጂ! ከተማ ቢሆን እንዲህ ሆኖ የሚገባ እንደ አረመኔ ነው የሚቆጠር።»

«ባላምባራስ፣ ራሴ ብርድ አይችልልኝም፤ እኔ ከዚሁ ልሳለም።»

«ለሚካኤል ያልተገለጠ ራስ ለማን ሊገለጥ ነው?»

ገላነው አባ ወልደ ሐናን አያቸው። ሦስት እርምጃ ቢርቁ ነው። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። ባላምባራስም እንደ ቀልድ አድርገው እጃቸውን ሰደዱና ባርኔጣውን ብድግ አደረጉት።

ሳቃቸው ከአፋቸው ሳይወጣ ቀረ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ኋላ ሳበች።

«ቆረቆር ነው!» አለ ገላነው። «የልጅነት ቆረቆር ነው፣ ሌላ አይደለም!»

ከሕዝቡ መካከል አንዱ፣ «ቆረቆርማ እኔም አለብኝ፤ ማን ሸፍኖት ያውቃል?» አለው።

እውነትም በልጅነቱ ገልጦት ቢያድግ ኖሮ ዘወር ብሎ የሚያየው ሰው አይገኝም ነበር። ቃሉ በዚያው ፈረሰ፤ የሥጋ ደዌው ወሬ ከሕዝቡ ቀድሞ መንደር ገባ፤ በማግስቱ ይመኙሻል ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ራቁ።

ገላነው ከዚያ ወዲያ ባርኔጣ አላደረገም። ገበያ ለገበያ ራሱን ገልጦ እየዞረ፣ «እዩት፣ ዳስሱት፣ የልጄን ዕድል አትዝጉባት» እያለ ይለምን ነበር ይባላል። የዳሰሰው የለም። ሁለት ክረምት እንዲህ ሲል ኖሮ ሞተ።

በተዝካሩ ቀን አባ ወልደ ሐና በሕዝቡ ፊት ቆሙ። «የነፍስ ልጄን ምስጢር እንዳላወጣ ዝም አልሁ ብዬ ራሴን ሳታልል ኖርሁ። ‹ተዉት› ብል ምን ምስጢር ይወጣ ነበር? ባላምባራስን ፈርቼ ነው» አሉና አለቀሱ። ከእንግዲህ በዚህ ደጅ ማንንም «አውልቅ» የሚል እንዳይኖር፣ የሚል ቢኖርም «ተዉት» እንዲባል አዘዙ። ሕዝቡም አብሮ አለቀሰ፤ ትእዛዙንም ተቀበለ። ለይመኙሻል ሽማግሌ የላከ ግን ከዚያም በኋላ አልተገኘም።

እሷ ብዙ ዘመን ኖረች አሉ። በየእሑዱ እየመጣች በሴቶቹ በኩል ከሦስተኛው ምሰሶ ሥር ብቻዋን ትቆማለች፤ የሚጠጋት የለም። አንድ ቀን ባርኔጣ ላደረገ መንገደኛ «ተዉት» ሲባል ሰማችና፣ «ይቺን ቃል ያን ቀን የት ጥላችኋት ነበር?» አለች። ሁሉም ወደ መቅደሱ ፊቱን አዞረ።

ዛሬ ወጣቱ የባዕድ ጽሕፈት ያለበትን ኮፍያ አዙሮ ደፍቶ፣ ስልኩን እየነካካ ይገባል። ሽማግሎቹ «ተዉት» ይላሉ፤ ቢቆጡትም እንደማይሰማቸው ያውቃሉ፣ ደክሟቸዋልም። ወግ ይሁን ተስፋ መቁረጥ መለየት አቅቶኛል። በሴቶቹ በኩል ደግሞ፣ በዓል ሆኖ ሰው እግር መትከያ ባጣ ቀን እንኳ፣ ከሦስተኛው ምሰሶ ሥር አንዲት ሴት የምታህል ቦታ ባዶዋን ትውላለች። የማታውቅ ልጅ ሄዳ ብትቆም እናቷ በነጠላዋ ጫፍ ትስባታለች። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ «እኛ ምን እናውቃለን፣ ከድሮም እዚያ አይቆምም» አሉኝ።