ፊቱን ወደ ግድግዳ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ከኋላ የቆማችሁም፣ አግዳሚው ላይ ቦታ አለ። የአንዲት ሴት ነገር ላጫውታችሁ።

ሴትዮዋ ተመራማሪ ናት። ከፀሐይ ሆድ ይወጣል የሚባል፣ ማንም አይቶት የማያውቅ ረቂቅ ቅንጣት ትፈልጋለች። ግድግዳ አያግደውም፤ በእኛም ገላ ሳይሰማን ያልፋል ይላሉ። በብርቱ ማግኔት ውስጥ ሲያልፍ ግን ምናልባት ብልጭ ይል ይሆናል። እሷም አውቶቡስ የሚያህል ማግኔት ይዛ ያቺን ብልጭታ ትጠብቃለች። ማግኔቱ ከባድ ነው፤ ብዙ ቀና ማለት አይችልም። ፀሐይን የሚያያት ስትወጣና ስትጠልቅ ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ጠበቀች። ምንም። በመጨረሻ አለቆቿ "እስከ ሰኔ ካልተገኘ ይዘጋል" አሏት።

በግንቦት፣ አንድ ማለዳ፣ ብልጭታው መጣ። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛውም! መሣሪያውን ወደሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ወደ ጋሽ ወንዳፍራሽ ሮጠች።

"ጋሼ! ተገኘ! ለአለቆቼ የምልከውንም ደብዳቤ ጽፌ ጨርሻለሁ!"

"እሰይ የኔ ልጅ! ፊቱንስ ወደ ግድግዳ አዙረሽ አየሽው?"

ደንባቸው ነው፤ ፀሐይ በሌለችበት አቅጣጫም ያንኑ ያህል ሰዓት ብልጭታ ይቆጥራሉ። እሷ ግን ሰኔ ሲቃረብባት ትታዋለች።

"ጋሼ ደግሞ! በደስታዬ ቀን እንኳ አይለቁኝም?"

"ሙሽራዋን ሳታዪ ድንኳን ጣልሽ እኮ!"

ሳቀች። ደብዳቤውን ግን ሳትልክ አስቀመጠችው። ለምን አስቀመጠችው? እናንተም ታውቁታላችሁ።

አዞረችው። ባዶ ግድግዳ እያየም ብልጭታው ያው ነው። ያው ቁጥር። ለካ የሚወጣው ከመሣሪያው ከራሱ፣ በቅርቡ ከገጠሙለት አዲስ ክዳን ኖሯል።

ደብዳቤውን ቀደደች። በሌላ ወረቀት "አላገኘንም" ብላ ጻፈች። ሰኔ ላይ ሥራው ተዘጋ።

"ቆጨሽ?" አሏት ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ በሩን እየቆለፉ።

"በጣም። በፀሐይ ላይ ግን አልዋሸሁም።"

እናንተስ ልጆቼ? "ጌታ ነገረኝ" እያላችሁ ወንድማችሁን ያኮረፋችሁ፣ "ጌታ አሳየኝ" ብላችሁ የልጃችሁን እጮኛ ከደጅ የመለሳችሁ፣ ያ ድምፅ ከላይ ነው ወይስ ከገዛ ደረታችሁ? ፊታችሁን አዙራችሁ አይታችኋል? ሳትጸልዩም፣ ኩርፊያችሁን ብቻ እያያችሁ ያው ድምፅ ያንኑ ከተናገረ፣ እንግዲያው ከላይ አልመጣም። እኔም አዙሬ አይቼ ያፈርኩበት ቀን አለ፤ አልቆጣችሁም።

"እስካሁን አልሰማሁም" ማለት አያሳፍርም፣ ልጆቼ። "ጌታ አለኝ" ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ፣ እባካችሁ፣ ያቺን ደብዳቤዋን የቀደደች ሴት አስቧት።