የግራዝማች ደምለው ፈረስ

በተውሶ በቅሎ ግልቢያ የለመደ አንድ ጭሰኛ፣ አሁንስ የራሴ ይኑረኝ ብሎ ያጠራቀማትን ይዞ ከብት ገበያ ወጣ። ኪሱንም ችሎታውንም የምትመጥን ረጋ ያለች ባዝራ ሲያማርጥ፣ የመሬቱ ጌታ ግራዝማች ደምለው አዩትና የሚያነክስ ፈረሳቸውን አስጎትተው አመጡለት። ፈረሱ በተራመደ ቁጥር አንገቱን ይደፋል።

«መልካም ነው ካልክ ግዛው፤ ነውር አለበት ካልክ ግን ጌታህን ሰድበሃልና ትገረፋለህ» አሉት።

ጭሰኛው ፈረሱን ዞሮ አየና እጅ ነሣ።

«ኧረ ምን ነውር አለበት፣ ጌታዬ! እንዲያውም ጨዋ ነው፤ በየእርምጃው ይሰግዳል። ግን እኔም እርስዎ ደጅ ስሰግድ ነው የምውለው። ሁለታችንም ስንሰግድ ማን ማንን ቤት ያደርሳል?»

ገበያው በሳቅ ተንጫጫ። ግራዝማች ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና እሳቸውም ሳቁ፤ ጭሰኛውም የመረጣትን ባዝራ ገዝቶ እየጋለበ ቤቱ ገባ።