በልመና የሚጠጣ ማሳ

አንድ ይመር የሚባል በርበሬ አምራች ነበር። ማሳው ከመስኖው ቦይ ግርጌ ነው። በዚያ አገር ማሳ ውሃ የሚጠጣው በተራ ሲሆን፣ ተራ የሚያገኘው ደግሞ ክረምት ሲወጣ ቦዩን አብሮ የጠረገ ሰው ብቻ ነው። ይመር አካፋ ይዞ ጭቃ ውስጥ መቆም አይወድም። ከላዩ የሚያርሰው አበጋዝ ደግ ሰው ስለነበር፣ የራሱን አጠጥቶ ሲጨርስ ይመር ይለምነዋል፤ እሱም የተረፈውን ይለቅለታል። ዓመት መጣ ዓመት ሄደ፣ ይኸው ነው። ጎረቤቶቹ ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲመለሱ ይመር ጥላ ስር ጋደም ብሎ «እኔ እኮ ዕድለኛ ነኝ» እያለ ያሾፍባቸዋል። አይ ይመር!

አንድ በጋ ውሃው ቀነሰ። የይመር በርበሬ ገና ማበቡ ነው፤ የቤቱ የዓመት ቀለብ ያለው እዚያ ላይ ነው። እንደለመደው ሄዶ ለመነ። አበጋዝ አንገቱን ደፍቶ፣ የራሱ ሽንኩርት ሊደርቅበት እንደሆነ ነገረው። አልዋሸም። ይመር ግን በንዴት ጦፎ የውሃውን ተራ ወደሚያከፋፍሉት ሽማግሌ፣ ወደ አያ እንድሪስ ሄደና አበጋዝ ውሃዬን ከለከለኝ ብሎ ከሰሰ።

አያ እንድሪስ ሰምተው ሲጨርሱ፣ «የትኛውን ውሃህን?» አሉት።

«በየዓመቱ የማጠጣበትን» አለ ይመር።

«ልጄ፣ ስትጠጣ የኖርከው የአበጋዝን ነው። ቦዩን የጠረጉት ዘንድሮም ቢያንስ ድርሻቸው አለ። አንተ ያለህ ልመናህ ብቻ ነው።»

የበርበሬው አበባ ረገፈ። ይመር ማሳው ዳር ተቀምጦ አለቀሰ። በቀጣዩ ዓመት ቦይ ጠረጋ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የተገኘው እሱ ነበር፤ መዳፉ እስኪላጥ ቆፈረ። በጋው መጥቶ አበጋዝ፣ «ዛሬስ አትለምነኝም?» ብሎ ቢቀልድበት፣ «የለም፣ ዛሬ ተራዬ ነው» አለና ውሃውን በገዛ እጁ ወደ ማሳው መለሰው።

እንግሊዞች አስተማማኝ ያልሆነን፣ ዛሬ ነገ ሊወድቅ የሚችልን ነገር «ፕሪኬሪየስ» ይሉታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ጥንት ትርጉሙ «በልመና የተገኘ» ማለት ነበር። ሰጪው በፈለገ ጊዜ መልሶ የሚወስደው ነገር ማለት ነው። የጥንቶቹ ሰዎች አልተሳሳቱም። ዕድል ብለን የምንኩራራበት ነገር ብዙውን ጊዜ የሌላ ሰው ደግነት ነው። ደግነቱን እናመስግን፤ ኑሯችንን ግን እሱ ላይ አንገንባ።

እናንተስ፣ ዛሬ ማሳችሁን የሚያጠጣው የማን ውሃ ነው?