የአየሁበይ ኮረብታ ስም

ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ለትምህርት ቤታችን መጽሔት የአየሁበይን ታሪክ ስጽፍ አንድ ስም ሆን ብዬ ለውጫለሁ። አሁን የሰማሁትን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

አየሁበይ ከመንደራችን በላይ ያለው ኮረብታ ነው። በእኛ ዘንድ ሰማይ ላይ እንግዳ ነገር ያየ ሰው አጠገቡ ያለውን ሰው እጅ ይዞ «አየህ?» ወይም «አየሽ?» ይላል፤ ያኛው «አየሁ» ብሎ እስኪመሰክር ድረስም እጁን አይለቅም።

እንደሚነገረው፣ በአንድ የግንቦት ቀን በጠራራ ፀሐይ ሰማይ ላይ ነጭ ብርሃን ታየ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሆነው ሲመለከቱት፣ ኮረብታው ላይ ካለው ከይመናሹ መሬት በላይ ነበር። ይመናሹ አባቷ የሞተባት፣ ባልም ወንድምም የሌላት ሴት ነበረችና የአገረ ገዥው ምስለኔ «ይህ ምልክት ነው፤ መሬቱ ለመንግሥት ተመርጧል» አለ ይባላል።

ይመናሹ ግን ብርሃኑን ታውቀው ነበር። የንጋት ኮከብ ቦታዋን ለለየ ሰው በቀንም እንደምትታይ አባቷ አስተምሯት ስለነበር፣ በዚያው ሰዓት ከወንዝ ማዶ አብራት ኩበት ትለቅም ለነበረችው ባልንጀራዋ ለትጓደድ አሳይታታለች። ሸንጎ ፊት ቆማም፣ «የንጋት ኮከብ ናት። ከማዶ ስናያት ከምስለኔው ቤት በላይ ነበረች። እንግዲያው የእሳቸውም ቤት ተመርጧላ» ስትል ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ምስለኔው አልሳቀም። ክረምት ገብቶ ሰማዩ በደመና ተዘግቶ ስለነበር ኮከቧን ማሳየት አልተቻለም። የቀረው የትጓደድ ምስክርነት ብቻ ነበር።

ይመናሹ እጇን ይዛ፣ «እቴ፣ አየሁ በይ» አለቻት።

«ምኑን?» አለች ትጓደድ። «እኔ መሬት መሬት እያየሁ ኩበቴን ስለቅም ነበር።»

«አየሁ በይ እንጂ።»

«እጄን ልቀቂኝ።»

ምስለኔው የመሬቱን እኩሌታ ለትጓደድ ቃል ገብቶላት እንደነበር የታወቀው፣ ይመናሹ መሬቷን ተነጥቃ አገር ጥላ ከሄደች በኋላ ነው ይባላል። የሳቁት ሽማግሌዎች አፍረው ይህን እጅ ይዞ የማስመስከር ልማድ ደነገጉ፤ ኮረብታውም በልመናዋ ተጠራ።

እኔ በመጽሔቱ ላይ የካደችው ሴት በመንደራችን ካሉት ከእነ አጥናፌ ቤት ናት ብዬ ጻፍሁ። ባለፈው ጥቅምት አንድ ብሩህ ነገር ሲታይ የዚያ ቤት ልጅ ዘነበች የጎረቤቷን እጅ ያዘች። ጎረቤቷ «ከከሃዲ ዘር ጋር አልመሰክርም» ብላ እጇን ነጠቀቻት። አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ብርሃኑንም አይቼዋለሁ፤ ዝም አልሁ።

የትጓደድ ዘር እኛ ነን። ያ እኩሌታ መሬት እስከ ዛሬ በወንድሜ እጅ ነው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ይቅር በሉኝ።