ከሩቅ የምትታየው ቦይ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መምህር ውብነህ። ተማሪያቸው ምንይችል «ጠቅላይ ግዛት፣ ክፍለ ሀገር፣ ክልል፤ ከሦስቱ አገሪቱን በደንብ የከፈላት የቱ ነው?» ብሎ ነዝንዟቸው ነበር።

አንድ ገበሬ ነበረ። በማሳው ዳር ጎርፍ የጫራት፣ ግልገል የምትዘላት ቦይ ነበረችው። ከማዶ ጎረቤቱ ጋር በድንጋይ ሊከትሯት ተስማሙ። ድንጋይ ሲሰበስቡ ከጠቅላይ ግዛቱ ሹም መጣ። «አውራጃ እየለየን ነው። ይቺ ቦይ ከሩቅ ትታያለች፤ ድንበር ትሁን። እንዳትነኳት!» አላቸው። ተዉአት።

ዘመን ተለወጠና ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ። ቦይዋም የገብሱን ማሳ ግማሽ በልታ ቦረቦር ሆነች። ገበሬው «ጌታዬ፣ ያስደፍኑልኝ» ብሎ አዲሱን ሹም ለመነ።

«ኧረ እንዲያውም አሁን ይበልጥ ትታያለች!» አለ ሹሙ ደስ ብሎት።

ደግሞ ዘመን ተለወጠ፤ ክልልም ዞንም መጣ። ቦረቦሩ ገደል ሆኖ ጓሮው ደረሰ። ወረዳው ሄዶ ቢጮህ «ጎርፉ ከማዶ ነው፤ እነሱን ጠይቅ» አሉት። ማዶ ቢሻገር «አንተ እኮ የእኛ ነዋሪ አይደለህም» አሉት። በስንት ደጅ ጥናት ከሁለቱም ወገን ኮሚቴ መጣና አፋፉ ላይ ሜትር ዘረጋ። የገበሬው ሚስት ዕቃዋን ከቤት እያወጣች ነበር።

«እሺ ጌቶቼ» አለ ገበሬው አንጀቱ አርሮ፣ «ቤቴ ገደል ሲገባ የማን ነዋሪ ልሆን ነው?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው!» አለ አንዱ። «ቤቱ የገባው ወደ እናንተ በኩል ከሆነ...» ሲል ሌላው «የለም፣ የለም» አለ፤ ክርክሩ ጦፈ።

ገበሬው ጥሏቸው ሄደ። ከቤቱ ግድግዳ ድንጋይ ፈንቅሎ ገደሉ ውስጥ ለቀቀው። ሁለተኛ ደገመ።

«ኧረ ድንበር ደፈነ!» ብለው ሁለቱም ወገኖች ባንድ አፍ ጮኹ። በዚያን ቀን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። ከማዶም ሽማግሌው ጎረቤቱ አንድ ድንጋይ አንከባለለ። ሁለቱ ክትር ሲሠሩበት ቤቱ ድንጋይ በድንጋይ ፈረሰ፤ በክረምቱ ግን አፈሩ ከክትሩ ኋላ ተኛ፣ የቀረውም ማሳ ተረፈ።

መምህር ውብነህ ወደ ምንይችል ዞሩ። «ስሞቹን ለፈተናህ ሸምድዳቸው፤ ማን ከለከለህ! የቱ ይሻላል ካልከኝ ግን ሦስቱም ከሩቅ የሚታየውን ፈልገው አሰመሩ። ሰውየው የሚኖረው ከቅርብ ነበር፣ ልጄ። መስመር ባየህ ቁጥር ስሙን ትተህ፣ አፋፉ ላይ የማን ቤት እንዳለ ጠይቅ።»